አባትን ማንሳት

አባቷን ሠፈሩ ሁሉ «ውሃልክ» ነበር የሚለው። ሰውዬው ለሳኝ ነው፤ እሱ የለሰነውን ግድግዳ በመለኪያ ማየት ትርፍ ድካም ነው እየተባለ የወጣለት ስም ነው። አንድ ቀን ከመሰላል ሲወርድ የመጨረሻው እርከን ላይ ቁጭ አለ፤ ከዚያ ወዲያ በራሱ አልተነሳም። ቀኝ ጎኑ ከዳው። ምላሱም አብሮ ከዳው። ከነበሩት ቃላት ሁሉ አንዲት ቃል ብቻ ተረፈችው፤ «እሺ» የምትል። ውሃ ልስጥህ ሲሉት እሺ። ይቅርብህ ሲሉትም እሺ።

እናትየዋ ከሞተች ቆይታለች። ከእሱ ጋር በቤቱ ውስጥ የቀሩት ሴት ልጁና የእሱ ታላቅ እህት ናቸው። ልጅቷን «ሚጡ» ይሏታል። ዛሬ የቤቱን በር ጎንበስ ብላ የምታልፍ ረጅም ሴት ሆናለች፤ ስሟ ግን አብሯት አላደገም። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ የምትማረው ቅርጻ ቅርጽ ነው።

ማታ ማታ አባቷን የጎረቤት ዘበኛ መጥቶ እንደ ሕፃን ታቅፎ ያስተኛዋል። ጠዋት ግን ዘበኛው ተረኛ ስለሚሆን ከአልጋ ወደ ወንበር ማንሳቱ የሚጡ ድርሻ ነበር። ጠርዙ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ እጆቿን በብብቶቹ ሥር ታስገባለች፣ አገጩን ትከሻዋ ላይ ታስደግፋለች፤ ከዚያ «አንድ፣ ሁለት» ብላ ብድግ ታደርገውና ግማሽ ዙር ዞራ ወንበሩ ላይ ታሳርፈዋለች። ደቂቃ አይሞላም። ግን ቀኑን ሙሉ ወገቧ ውስጥ ይቆያል።

አንድ ጠዋት ጭቃ የምትሠራበትን ሽርጧን ሳታወልቅ አነሳችው። በማግሥቱ ልታጥበው ስትል የሽርጡ ደረት ላይ የተለጠፈው ጭቃ ውስጥ የአባቷን የሸሚዝ ቁልፎች አየች። አራት ቁልፍ፣ ልክ እንደ ማኅተም ቁጭ ብሏል። የመመረቂያ ሥራዋ የተወለደው እዚያው መታጠቢያ ሳህኑ አጠገብ ነው።

ነገሩ ቀላል ነበር። በየጠዋቱ ሁለት ጣት የሚወፍር የሸክላ ጭቃ ጠፍጥፋ ደረቷና ትከሻዋ ላይ በጨርቅ ታስራለች፤ አባቷን ታነሳለች። በሁለቱ አካል መሀል የተጨመቀው ጭቃ የያዘውን ቅርጽ ይዞ ይደርቃል። ሠላሳ ጠዋት፣ ሠላሳ ጭቃ። ማንሳቱ ራሱ የሥራው አካል ስለሆነ በስልክ ይቀረጻል።

መምህሯ ወደደላት። ጉንጩን በእርሳስ እየቆረቆረ «አንድ ነገር ብቻ» አላት። «ሠላሳው ሳያልቅ ቪዲዮውን እንዳታዪው። ካየሽው ለካሜራው መሥራት ትጀምሪያለሽ። ያን ጊዜ ቲያትር ይሆንብናል።»

«አላይም» አለች።

አክስቷ ግን ነገሩ አልገባትም። ስልኩ መስኮቱ ላይ በስኳር ጣሳ ተደግፎ ቆሞ ስታይ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ፣ «ቆይ፣ አንቺ ሰውዬውን የምታነሺው በክንድሽ ነው በስልክሽ?» አለች።

«በሁለቱም፣ እቴቴ።»

«የሰው ልጅ ተምሮ ደብተር ይዞ ይወጣል፤ የኛይቱ ጭቃ ለብሳ ትወጣለች» ብላ ሳቀች። አባትየውም በግማሽ አፉ ሳቀ።

ሚጡ ፊቱ ቁጢጥ ብላ ሁሉንም አስረዳችው። ጭቃው እንደሚቀዘቅዘው፣ ሰዎች እንደሚያዩት፣ እምቢ ካለ እንደምትተወው ነገረችው። «ላድርገው አባዬ?»

«እሺ» አለ።

ያቺን «እሺ» ወስዳ ሥራ ጀመረች።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከፍ ስታደርገው ደህናው እጁ ጀርባዋን መታ መታ ያደርጋት ነበር። ይህን ምት ታውቀዋለች። ልጅ ሳለች አሸዋና ሲሚንቶ ስታማስልለት ከኋላዋ አልፎ ጀርባዋን ቸብ የሚያደርጋት ነገር ነበረችው፤ «አይዞሽ፣ በርቺ» ማለቱ ነው። አሁንም እንደዚያው መሰላት። እንዲያውም እጁ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጭቃ ጨመረች፤ ጣቶቹም በየቀኑ እየታተሙ ቀሩ። ደስ አላት። ከሁሉም በላይ የወደደችው እነዚያን ጣቶች ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አክስቷ ከጓዳ ብቅ ብላ «ዛሬ ፊቱ ደስ አላለኝም» አለች።

«እንቅልፍ አጥቶ ነው» አለች ሚጡ። የስልኩ ባትሪ እያለቀ ስለነበር ዞር ብላ እንኳ አላየችም።

ሠላሳው ሞላ። ግምገማው ሦስት ቀን ሲቀረው ቪዲዮዎቹን ይዛ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ገባች። የክፍሉ ኃላፊ ነገረ ሥራው ቀስ ያለ ጎልማሳ ነው፤ ማቀናበር የማይችል ተማሪ ሲመጣ አብሮ ቁጭ ይላል። የመጀመሪያውን ከፈተላት።

ስልኩ የቆመው ከኋላዋ ነበር። ስለዚህ በምስሉ ላይ የሚታየው የእሷ ጀርባና፣ በትከሻዋ ላይ ወደ ካሜራው የዞረው የአባቷ ፊት ነው። ሠላሳ ቀን አቅፋው ያላየችው ፊት። ብድግ ስታደርገው ዐይኖቹ ይጨፈናሉ፣ ደህናው የአፉ ጎን ወደ ላይ ይሳባል፣ ጥርሱ ይገጥማል። ከዚያ ግራ እጁ ተነስቶ ጀርባዋን መምታት ይጀምራል። ወንበሩ ላይ እስኪያርፍ አያቆምም።

ኃላፊው ሁለተኛውን ከፈተ፤ ሦስተኛውን ከፈተ። ሰባተኛው ላይ እጁን ከማውሱ አንስቶ፣ «እህቴ፣ እኚህ ሰውዬ ምን እያሉሽ ነው?» አላት።

ሚጡ ማውሱን ራሷ ይዛ ቀሪዎቹን ከፈተች። ሃያ ስድስተኛው ላይ እጁ መምታቱን ትቶታል፤ ጭቃውን ጨብጦ ብቻ ይዞታል። ያንን ጭቃ ያለቀለት ሥራ ብላ ለብቻው በጨርቅ ጠቅልላ ያስቀመጠችው ነበር።

በማግሥቱ አባቷን በታክሲ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። ሸሚዙን ገልጣ ቀኝ ትከሻውን በሁለት ጣቷ ዳሰሰችው፤ ክንዱ ከትከሻው ሥር ጎድጎድ ብሎ ወርዷል።

«በብብቱ ይዛችሁ ነው የምታነሱት?»

«አዎ። በየቀኑ» አለች ሚጡ፤ ስለ ጭቃውም ነገረቻት።

«የማይሠራ ትከሻ የሚይዘው ጡንቻ የለውም። በብብት ሲሳብ ከቦታው ይወርዳል። የነገራችሁ ሰው አልነበረም?»

የነገራቸው አልነበረም። የሆስፒታሉ ወረቀት መድኃኒቱን ብቻ ነው የሚያወራው።

«ይመለሳል?» አለች ሚጡ።

«ቆይቷል። ከዚህ እንዳይብስ ነው የምናደርገው።» ባለሙያዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ መናገር አልችልም። ከጭቃው በፊትም ሊሆን ይችላል።»

ሚጡ ወደ አባቷ ጎንበስ አለች። «አባዬ፣ ያምህ ነበር?»

«እሺ።»

«ተይኝ እያልከኝ ነበር? ወይስ አይዞሽ?»

«እሺ» አለ፤ ዐይን ዐይኗን እያየ። ሌላ ቃል የሚፈልግ ይመስል ከንፈሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ እሱም ተወው። ባለሙያዋ ፎጣ በወገቡ ላይ አዙሮ ማንሳት አሳየቻት፤ ሚጡም ያሳየቻትን ሁሉ እየደገመች ተማረች።

ለመምህሯ ደውላ ቪዲዮውን እንደማታቀርብ ነገረችው። ምክንያቱንም ሳትደብቅ ነገረችው። «አዝናለሁ» አለ መምህሯ። «ግን ደንቡን ታውቂያለሽ። ገምጋሚ ፊት ያልተሠራ ክዋኔ ተቀርጾ ካልቀረበ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ያለ ቪዲዮው በእጅሽ ያለው ሠላሳ ጭቃ ነው። ዓመቱን ትደግሚያለሽ።»

ዓመት መድገም ማለት ሌላ ዓመት አባቷን ለአክስቷ ጥላ መውጣት ማለት ነው። አክስቷ ደግሞ ራሷ መቀመጥና መነሳት እየከበዳት ነው። ሚጡ ሌሊቱን ተገላበጠች፤ ሲነጋም እጅ እግሯ እንደታሰረ ነበር። ቪዲዮውን ወደ ግምገማው ይዛ ሄደች።

ሦስት ገምጋሚዎች ነበሩ። ጭቃዎቹ ወለሉ ላይ ተደርድረዋል፤ ቪዲዮው ግድግዳው ላይ ይሄዳል። ሚጡ ያየችውን፣ ጤና ጣቢያ የተባለችውን፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። እንዲቀጧት የምትለምን ያህል ነበር የምትናገረው፤ አንዱ ቢቆጣት ትከሻዋ ላይ ያለው ነገር የሚቀልላት መስሏታል። ማንም አልተቆጣም። አንደኛዋ ገምጋሚ መነጽሯን አውልቃ ዐይኗን ጠረገች። ሌላው ሃያ ስድስተኛውን ጭቃ ጎንበስ ብሎ እያየ፣ «ሥራውን ሥራ ያደረገው ይኸው ነው» አለ። መምህሯ በጎን በኩል አንገቱን ነቀነቀላት፤ እንኳን ደስ ያለሽ ማለቱ ነው።

ከክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ ከፍተኛውን ውጤት ሰጧት። ትምህርት ቤቱም ጭቃዎቹንና ቪዲዮውን ለራሱ ማስቀረት ፈለገ። የምትፈርምበት ወረቀት ላይ «ተባባሪ» የሚል መስመር አለ፤ ከሥሩ የተባባሪው ፈቃድ ይጠየቃል። ጸሐፊዋ «አባትሽ ተስማምተዋል አይደል?» አለቻት።

ሚጡ እስክሪብቶውን እንደያዘች ቆመች። አዎ ብትል ውሸት ነው። አይ ብትልም የምታውቀው ነገር የለም። «ወረቀቱን ቤት ልውሰደው» ብላ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ጸሐፊዋም እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እንድትመልሰው አስታወሰቻት።

በማግሥቱ ጠዋት ፎጣውን በአባቷ ወገብ ላይ አዙራ አሰረች። አክስቷን ጠራቻት።

«እቴቴ፣ እኔ ሳነሳው አንቺ ከኋላዬ ቁሚና ፊቱን እዪልኝ። ሲያመው ንገሪኝ፤ አቆማለሁ።»

አክስቷ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቆመች። ሚጡ ፎጣውን ጨበጠች፤ አገጩ ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ ትንፋሹ አንገቷን አሞቀው። ብድግ አደረገችው።

«ምን ይላል ፊቱ?»

«እንጃ ልጄ።»

«እዪው እንጂ በደንብ።»

«እያየሁት ነው። ጨፍኗል።» አክስቷ ጠጋ አለች፤ ከዚያ ድምጿ ሰለለ። «አሞት ይሁን፣ ከፍቶት ይሁን፣ እንዲሁ መነሳቱ ይሁን፣ እኔ እንጃ። አውርጂው፤ ደግሞ ወገብሽን እንዳትሰበሪ።»

አልጋውም ወንበሩም እኩል ይርቃሉ። ሚጡ አባቷን እንደያዘች ለአፍታ መሀል ላይ ቆመች። ከዚያ ወደ ወንበሩ ዞረች፤ ይዛው መቆም አትችልም፣ አንድ ቦታ ማሳረፍ ነበረባት።