አውጪው ያልኩት ሁሉ

የልጄ መምህር ዘንድሮ በወረቀት አልፈትንም አለ። ተማሪው ሁሉ ወላጁን ስለ ሥራው ጠይቆ፣ በስልክ ቀድቶ ፖድካስት ያቀርባል፤ ወላጅም ተጠርቶ ክፍል ውስጥ አብሮ ይሰማል። እኔ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ነኝ። ታፍርብኛለች ብዬ ስጠብቅ እሷ ግን፣ "ካንቺ ሌላ ማንን ልጠይቅ?" ብላ ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፋ ጀመረች።

"እማ፣ ደም የነካውን አንሶላ ምን ታደርጊዋለሽ?"

"በቀዝቃዛ ውሃ ነው የምዘፈዝፈው። ሙቅ ከነካው እድፉ አይለቅም። ቆይ፣ ይህን ከቅጂው አውጪው! የሆስፒታሉን ገበና ዘራች ይሉኛል።"

"ውሃም ገበና ሆነ?"

"አለቃዬ ቢሰማስ? አውጪው አልኩሽ!"

ስለ እጄ ጠየቀችኝ። በረኪና እንደላጠው ነገርኳትና፣ አማረረች እንዳይሉኝ እሱንም አስወጣሁ። በመሃል የሳቅነውን እንኳ አልማርኩትም።

"ወላቃው ጥርሴ ይታያል፤ አውጪው።"

"እማ፣ ድምፅ እኮ ነው!"

ይባስ ብለን ሳቅን። "ይህንንም አውጪው" አልኳት።

በቀጠሮው ቀን ቀሚሴን ተኩሼ፣ ሹራብ ደርቤ ሄድኩ። የባንክ ሠራተኛዋ እህቴ ቀድማኝ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ማን እንደጠራት ግራ ገባኝ። መምህሩ ማጉያውን ሲከፍተው የልጄ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ፤ "አክስቴ፣ ሥራሽን እንዴት ጀመርሽ?"

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እኔ ግን ይህን ፈርቼው አላውቅም ነበር። እህቴ ከመጀመሪያ ደመወዟ እስከ ገንዘብ ቆጣሪ ማሽኑ ስትተርክ አንድ ጊዜ እንኳ አውጪው አላለችም። ክፍሉ አጨበጨበ።

"እርስዎ ፈቃደኛ አይደሉም ብላኝ ነው አክስቷን የፈቀድኩላት" አለኝ መምህሩ። "አንደኛ ወጥታለች።"

ልጄን ደጅ ላይ ያዝኳት።

"አፍረሽብኝ ነው፣ አይደል?"

"አውጪው ያልሽኝን ሁሉ ሳወጣ የቀረው 'እሺ፣ ጀምሪ' ያልሽው ብቻ ነበር። እሱን ላቅርብ?"

"ያወጣሽውስ የት አለ?"

"አጠፋሁት። አለቃዬ ይሰማል እያልሽ ስትጨነቂ..."

"የሳቅነውንም?"

"እሱንም።"

እህቴ እየሳቀች ደረሰችብን። "እንዴት ነበርኩ?" አለችኝ።

እጄን ከሹራቤ ኪስ ሳላወጣ፣ "ጥሩ ነበርሽ" አልኳት።