ለስላሳ ማስታወቂያ

"አሁንም ይኮሰኩሳል" አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ለማስታወቂያ ጸሐፊው መልሶ እየገፋለት። "መባረር፣ መቀነስ፣ መዘጋት የሚል ቃል እንዳላይ። ለስላሳ አድርገው።"

"ታዲያ ሴቶቹ ከሥራ እንደሚወጡ በምን ያውቃሉ?"

"ማወቁ ምን ያደርግላቸዋል? ሰምተው ደስ ይበላቸው፤ ነገ ቅጹን ይፈርማሉ።"

ቅጹ "በራሴ ፈቃድ ሥራዬን ለቅቄያለሁ" የሚል ነው። የፈረመች ሴት የስንብት ክፍያ መጠየቅ አትችልም። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ሊዘጋ፣ ሥራውም ለውጭ ድርጅት ሊሰጥ ነው። ከሚሠሩበት አምስት ሴቶች አንዷ የጸሐፊው አክስት ናት። እናቱ ስትሞት ያሳደገችው፣ ሳሙና በላጠው እጇ ኮሌጅ ያስገባችው እሷ ናት። ሥራ አስኪያጁ ይህን አያውቅም። "ዘመዴ ናት ብለህ እንዳታወራ፣ በዘመድ ገባ ይሉሃል" ብላ ያስጠነቀቀችው ራሷ ናት።

የሆቴሉን ማስታወቂያ ሁሉ የሚጽፈው እሱ ነው። ባልደረቦቹ "ደራሲው" ይሉታል፤ ግማሹ ለአድናቆት፣ ግማሹ ለሹፈት። ኮሌጅ የድርሰት አጻጻፍ ሲማር መምህሩ በየክፍለ ጊዜው "ድምፃችሁን ፈልጉ" ይሉ ነበር። ፈልጎ ያገኘው ድምፅ "ክቡራን እንግዶቻችን፣ ፎጣችንን ይዘው እንዳይወጡ በአክብሮት እንጠይቃለን" የሚል ሆነ። "ሕመማችሁን ጻፉ" የሚለው ትምህርትም እስካሁን የቤት ኪራይ ከፍሎለት አያውቅም። ስለ ጨረቃ አንድ ገጽ ጽፎ ሙሉ ማርክ ያገኘበት ጊዜ ነበር፤ ጨረቃ ደግሞ እዚህ ሆቴል ጉዳይ የላትም።

ከዚያ ሁሉ የተረፈችው አንዲት ነገር ናት፤ የጻፉትን ጮክ ብሎ ማንበብ። ዓይን ያለፈውን ጆሮ ይይዘዋል። ስለዚህ ማንኛውንም ማስታወቂያ ከማስረከቡ በፊት አንሶላ መጋዘን ወርዶ ለራሱ ያነባል። የተቆለለው አንሶላ ድምፅ ስለሚውጥ ውጭ ያለ ሰው አይሰማውም። ዛሬም አዲሱን ጽሑፍ ይዞ ወረደ።

"ውድ የልብስ ንጽህና ቤተሰቦቻችን፣ የዘመናት ድካማችሁ ፍሬ አፍርቶ አገልግሎታችን ወደ አዲስ ምዕራፍ ሲሸጋገር፣ እናንተም ወደሚገባችሁ እረፍትና ወደ ሰፊ ዕድል ትሻገራላችሁ..."

"እስቲ ድገመው" አለው ከመደርደሪያው ጀርባ የአክስቱ ድምፅ። እዚያ ተቀምጣ የትራስ ልብስ ታጣጥፍ ነበር።

ምን ያድርግ፣ ደገመው።

"እንዴት ያምራል የኔ ልጅ። ስለኛ ነው አይደል? እረፍት ሊሰጡን ነው? ይቺን ወገቤን አንድ ሳምንት እንኳ ባሳርፋት።"

ሥራ አስኪያጁ የፈለገው ልስላሴ ይኸው ተገኘ። ራሱን ተጸየፈ።

"አይደለም አክስቴ። ሊያስወጧችሁ ነው፣ አምስታችሁንም። ነገ ወረቀት ያስፈርሟችኋል፤ ከፈረማችሁ ካሳ የሚባል የለም።"

የያዘችውን የትራስ ልብስ አጥፋ ጨረሰች።

"ይሄንን አንተ ነህ የጻፍከው?"

"አዎ።"

"ጎበዝ ነህ። እኔ አምኜ ነበር።"

ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

"አልሰጠውም። ቀድጄ እጥለዋለሁ።"

"አትቀባጥር። አንተ ባትጽፈው ሌላው ይጽፈዋል።"

"እሺ፣ አንቺ እንኳ አትፈርሚ። ለሌሎቹም ንገሪያቸው።"

"ከዚያስ? ማን ነገራቸው ይባላል፤ ዞሮ ዞሮ አንተ ላይ ነው የሚመጣው። ሁለታችንም ከወጣን ማን ማንን ሊያበላ ነው? እፈርማለሁ። አንተም አፍህን ያዝ።"

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ጽሑፉን አንብቦ ፊቱ በራ።

"አየህ፣ ስትፈልግ ትችልበታለህ። ያስተማረህ ይባረክ። በል ውረድና አንተው አንብብላቸው፤ ባንተ አፍ ያምራል።"

ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ትልቁ ማሽን እየተንቀጠቀጠ ይጮሃል። አራቱ ሴቶች እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ከበቡት። አክስቱ ከካውያው ጠረጴዛ አልተነሳችም፤ ቀናም አላለችም።

"ደራሲው፣ የደመወዝ ጭማሪ ካልሆነ በመጣህበት ተመለስ" አለች አንዷ፣ ሌሎቹም ሳቁ።

ወረቀቱን ገለጠው። "ውድ" የሚለው ቃል ላይ ቆመ። አጥፎ ኪሱ ከተተው።

"ሊያስወጧችሁ ነው" አለ። "ነገ የሚሰጧችሁን ወረቀት እንዳትፈርሙ።"

"ምን አለ?" አለች አንዷ፣ ከማሽኑ ጩኸት በላይ ለመስማት ጆሮዋን ወደሱ አዘንብላ።

"ምንም አላለም" አለች አክስቱ፣ ካውያዋን ሳትለቅ። አሁን ቀና ብላ እሱን ታይ ነበር፤ ዓይኗ ይለምነዋል። "ሰላም ሊላችሁ ነው የመጣው። ሂድ በል፣ ሥራ አታስፈታን።"

በሩ ክፍት ነው፤ መውጣት ይችል ነበር። እሱ ግን ሄዶ ማሽኑን አጠፋው።