አራት ጣት

«እትዬ፣ አስቀድሜ ልንገርዎት፤ የስልኩ ጆሮ ሞቷል። በስፒከር ብቻ ነው የሚያናግረው» አላት ባለ ሱቁ ልብስ ሰፊዋን። ሰፈሩ ባትሪ ይለዋል፤ መብራት ከጠፋ ወዲህ ጣራው ላይ ባሰራት ሶላር የሰዉን ሁሉ ስልክ የሚሞላ፣ መስመር ሲገኝም የሚያስደውል እሱ ነው። «ምስጢር ካለዎት ዛሬ አይሆንም።»

ከኋላዋ የተሰለፉት ሳቁ። ልብስ ሰፊዋም አብራ ሳቀች። ልትናገር የመጣችው ነገር ግን ሰው ፊት የሚነገር አልነበረም።

ጦርነቱ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ልጇ የልጅ ልጇን ይዛ ሩቅ ከተማ መጠለያ ውስጥ ናት። በስልክ በተገናኙ ቁጥር «እማዬ፣ በላሽ?» ትላታለች። እናትም «ጥግብ ብዬ!» ትላለች። አንድ ቀን እንዲያውም ተርፎኝ ለጎረቤት ሰጠሁ ብላለች፤ ምን ታድርግ፣ ልጅ ከምታስጨንቅ። ባለፈው ሳምንት መንገዱ ሲከፈት ግን ልጅቷ «እንግዲያው አንቺ ጋ እንመጣለን፤ እዚህ የሚሰጡን ዱቄትና ዘይት ከወር ወር አያደርስም» አለችና መስመሩ ተቋረጠ። ነገ ጠዋት ይነሳሉ። ከመጠለያው አንዴ የወጣ ተመልሶ አይገባም። እዚህ ያለው ደግሞ ቆርቆሮ ውስጥ የቀረ አንድ እፍኝ ምስር ነው።

ከሁሉ የከፋው፣ እንዲመጡ መፈለጓ ነው። ቤቱ ጭር ብሎባታል፤ ከስፌት መኪናዋ ጋር ማውራት ጀምራለች። ለትንሿ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ቀሚስ ሰፍታላታለች፤ የቀረው ኮሌታው ብቻ ነው። ለእሱም ከራሷ ሰማያዊ ቀሚስ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ አግኝታ፣ ዛሬ ጠዋት በጠመኔ አስምራበት ነው የወጣችው።

ሥራዋ ራሱ ጉድ ሆኗል። አዲስ ልብስ የሚያሰፋ የለም፤ ሁሉም የሚመጣው ለማስጠበብ ነው። አሁን ከኋላዋ የቆመችው ጎረቤቷ መምህሯ ጉርዷን ስታመጣ «ዘንድሮ ፋሽኑ ጠበብ ያለ ነው» ብላት ነበር። ልብስ ሰፊዋም «አዎ፣ ያምርብሻል» አለቻት። ትርፉን ጨርቅ አትቆርጥም፤ ሰውየው መልሶ ሲወፍር እንዲለቀቅ ወደ ውስጥ አጥፋ ትሰፋዋለች። የሰፈሩን ወገብ ሁሉ ታውቃለች፤ ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። የእሷን ወገብ የሚያውቅ ግን የለም።

ባለ ሱቁ ደወለላት፤ ስልኩ ተነሳ።

«እማዬ! ዕቃችንን ጠቅልለን ጨረስን እኮ!» የልጇ ድምፅ ሱቁን ሞላው።

«ልጄ፣ ባትመጡስ? መንገዱ አያስተማምንም።»

«አውቶቡሱ በየቀኑ እየሄደ?»

«ቢሆንም አትምጡ። እዚያው ሁኑ።»

«ከበድንሽ እንዴ፣ እማዬ? ካለሽ ላይ ብታቀምሺን ነው እንጂ ብዙ አንበላም።»

ባለ ሱቁ ሽቦ የሚፈታታ መስሎ አቀረቀረ። ልብስ ሰፊዋ ዞራ ብታይ እንደማትናገረው ስለገባት ዓይኗን ስልኩ ላይ ተከለች።

«የለኝም» አለች። «የምበላው የለኝም። ያኔም አልነበረኝም፤ ስዋሽሽ ነው የከረምኩት።»

«አላምንሽም። እንዳንመጣብሽ ነው።»

«ሰማያዊውን ቀሚሴን ታውቂዋለሽ?»

«ለሠርጌ የለበስሽውን?»

«ሁለቴ አጥብቤዋለሁ።»

ልጅቷ ያደገችው እዚያችው ስፌት መኪና ሥር፣ ክር እየለቀመችና እናቷ ትርፉን በጣት ስትለካ እያየች ነው። «ስንት ጣት?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አራት።»

ትንሿ ከጎን «አያቴ ናት? መቼ ነው የምንሄደው?» ስትል ተሰማች።

«ጨርቁን ቆርጠሽዋል?» አለች ልጅቷ በመጨረሻ። እያለቀሰች ነበር።

«አልቆረጥኩም። ውስጡ አለ።»

«እንዳትቆርጪው፣ እማዬ። በሞቴ!»

«እሺ።»

«እዚሁ እንቆያለን።»

መስመሩ ተቋረጠ። ዞር ስትል ሁሉም መሬት መሬት ያያል። መምህሯ የጉርዷን ወገብ በእጇ ይዛ ቆማለች።

«ተራሽ ነው» አለቻት ልብስ ሰፊዋ።

በሩ ጋ ስትደርስ መምህሯ በስልክ ለራሷ ልጅ «እኔማ ደህና ነኝ፤ አሁን ገና በልቼ...» ብላ ስታቆም ሰማቻት። ቀሪውን ለመስማት አልቆየችም።

ቤቷ ጥላው እንደወጣችው ነው። ለሁለቱ ያነጠፈችው አልጋ፣ የታጠበው አንሶላ፣ ሁሉም እንደተዘጋጀ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እንደ ልጅ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እስኪወጣላት ማንም አባባይ አልመጣም።

ከዚያ ተነስታ ሰማያዊውን ቀሚስ መኪናው ላይ ገለበጠችው። የጠመኔው መስመር እዚያው ነው፤ መቀሱም አጠገቡ። የትንሿን ቀሚስ አየት አደረገችው፤ ያለ ኮሌታም ይለበሳል። አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ የጠመኔውን መስመር እስኪጠፋ ድረስ አሸችው። መቀሱንም መሳቢያው ውስጥ ከታ ዘጋችው።