ሰባት ሰዓት ከሰባት

ሰኞ ጠዋት አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳሁ። ሰዓት የምቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ ካናዳ በገባን በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጊዜ ሥራ አርፍጄ ከተቆጡኝ ወዲህ በሌላ ቆጥሬ አላውቅም። ሻይ አፈላሁ፤ ለልጄ ለናኦሚ ምሳዋን ቋጠርኩ፤ የሥራ ልብሴን ተኮስኩ። የምንኖረው ቶሮንቶ፣ ሬክስዴል ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። ከኩሽናው መስኮት ለማረፍ ዝቅ የሚሉት አውሮፕላኖች ሆዳቸው ይታያል። ሻዬን ቆሜ እየጠጣሁ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ስድስት ሰዓት ከሩብ ነበር።

ጋሽ ጥጋቡ ናቸው። ባለቤቴ አስማማው በሕይወት ሳለ የከተማችንን ቡድን፣ የብሉ ጄይስን ቤዝቦል የሚያየው ከእሳቸው ጋር ነበር።

«ወለቴ፣ ቀሰቀስኩሽ?»

«ኧረ ተነስቻለሁ ጋሼ። ምነው በደኅና?»

«በደኅና ነው እንጂ! ብሉ ጄይስ ሊያልፉ ነው እኮ፤ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ! ቅዳሜ ዳንፎርዝ ሰፈር ተሰብስበን ልናይ ነው። የአስማማውን ደብተር ታውሺኛለሽ? ለልጆቹ ላሳያቸው ብዬ።»

«የቱን ደብተር?»

«የሽንፈቱን ነዋ። እንዳለ ፌስታል ውስጥ አድርጊልኝ፤ መጥቼ እወስደዋለሁ። ማገላበጡ ምን ያደርግልሻል፣ ቁጥር ብቻ ነው።»

እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ውስጡ ምን እንዳለ እኔ አልጠየቅኳቸውም።

ደብተሩ ልባሱ ጠንካራ፣ ጥቁር ነው። አስማማው ከ2008 እስከ 2013 ስታዲየም ገብቶ ያየውን ሽንፈት ሁሉ ጽፎበታል። ያሸነፉበትን ቀን አይጽፍም፤ «እሱን ጋዜጣው ይጽፍላቸዋል» ይል ነበር። ቡድኑ ከ1993 ወዲህ ለፍጻሜ ማጣሪያ እንኳ ደርሶ አያውቅም፤ ስለዚህ የሚጽፈው አላጣም። ጅማ ሳለን ፋርማሲስት ነበር። እዚህ ኢቶቢኮ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ይቅርታ፣ ከስምንት እስከ አራት ይሠራ ነበር። በ2013 ኦክቶበር እዚያው መጋዘን ውስጥ ወደቀ። ስለዚያ ቀን ሌላ የምለው የለኝም።

ደብተሩን ሁለት ዓመት ሙሉ አልከፈትኩትም። ሰኞ ከሥራ እንደተመለስኩ ጫማዬን ሳላወልቅ ከፈትኩት።

እያንዳንዱ ሽንፈት አንድ መስመር ነው። ቀኑ፣ ወሩ፣ ሰዓቱ፣ ውጤቱ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ቃል፦ ተሸነፍን። አስማማው ስለዚያ ቡድን ሲያወራ ሁልጊዜ «እኛ» ነበር የሚለው፤ ይህን ስሰማ ያስቀኝ ነበር። መጀመሪያ የገለጥኩት ገጽ እንዲህ ይላል። ማክሰኞ፣ 1:07፣ ተሸነፍን። ረቡዕ፣ 1:07፣ ተሸነፍን። ወረድ ብሎ ደግሞ ማክሰኞ፣ 1:07።

ማክሰኞ ከቀኑ አንድ ሰዓት ላይ አስማማው መጋዘን ውስጥ ነው የሚሆነው። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማውቀው። ጨዋታ ባለበት ቀን ደግሞ ከምሽቱ አሥራ አንድ ሰዓት በፊት ቤት ገብቶ አያውቅም፤ እራቱን በሰሃን ከድኜ ነበር የምተኛው። ከቀኑ አንድ ሰዓት የጀመረ ጨዋታ አራት ሰዓት ላይ ያልቃል። ሥራ ካልነበረ፣ ጨዋታውም ካለቀ፣ የት ነበር? በሳምንቱ የሥራ ቀናት የተጻፉት ሁሉም አንድ ሰዓት ከሰባት ይላሉ። የቅዳሜዎቹ ብቻ ሰባት ሰዓት ከሰባት ስለሚሉ እነሱን አለፍኳቸው። ቅዳሜ እኔ ሥራ ነኝ፤ የማታ ጨዋታ አይቶ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቢገባ የሚደንቅ ነገር የለውም።

ናኦሚን ጠራኋት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን እንደመጣላት ነው።

«የድሮ ጨዋታ ስንት ሰዓት እንደተጀመረ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል?»

«ኦፍ ኮርስ። ዋይ?»

«አባትሽ የጻፈውን ላመሳክር።»

ቀኖቹን አነበብኩላት፤ እሷ ስልኳን እየነካካች መለሰችልኝ። «ሰቨን ኦ ሰቨን። ሰቨን ኦ ሰቨን። ማሚ፣ ሁሉም ማታ ነው።»

«እሱ አንድ ሰዓት ከሰባት ነው የሚለው።»

«ሶ ዳዲ ሚስቴክ አደረገ።»

«አባትሽ አይሳሳትም።»

ይህን ያልኩት ለማሞገስ አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ ሚሊግራም ሲመዝን የኖረ ሰው አንዱን ስህተት በየገጹ አይደግመውም። ናኦሚ ደብተሩን ከእጄ ወስዳ ትንሽ አየችው፤ ከዚያ ሳቀች።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ! የሀበሻ ሰዓት ነው! ዳዲ ሁለት ሰዓት ላይ ትተኛለሽ ሲለኝ ኤይት ማለቱ እኮ ነበር። እኔ ደግሞ ለጓደኞቼ እስከ ቱ ኤ ኤም አልተኛም እያልኩ ጉራ እነዛ ነበር።»

እኔም ሳቅሁ። ቀኑን በፈረንጅ ጽፎ ሰዓቱን በሀበሻ የሚጽፍ አስማማው ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ከሰባት ማለት ከምሽቱ ሰባት ሰዓት ከሰባት ነው። ከሥራ ወጥቶ ሄዷል፣ አይቷል፣ አሥራ አንድ ላይ ገብቷል። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። የሞተ ሰው ታማኝ ሆኖ ሲገኝ እንዲህ ደስ ይላል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

ናኦሚ ወደ ክፍሏ ከሄደች በኋላ ደብተሩን ልዘጋ ስል ቅዳሜዎቹን አየሁ።

ቅዳሜ፣ 7:07። የሀበሻው ሰባት ሰዓት ከሰባት በፈረንጅ ከቀኑ አንድ ሰዓት ከሰባት ነው።

ያመንኳቸው ቀኖች እነዚህ ነበሩ። ጨዋታው አራት ሰዓት ላይ ያልቃል፤ አስማማው አሥራ አንድ ላይ ይገባል። መሃሉ ላይ የሰባት ሰዓት ክፍተት አለ። ቅዳሜዎቹን ቆጠርኳቸው፤ ሠላሳ አንድ ናቸው። ሌላ ነገርም አየሁ። በእያንዳንዱ ቅዳሜ ጠርዝ ላይ፣ በእርሳስ፣ ትንሽ «ብ» ተጽፋለች። የሥራ ቀኖቹ ላይ የለችም።

በ«ብ» የሚጀምር ስም አስቤ ብዙ አልደከምኩም። ብርቅዬ የጋሽ ጥጋቡ የእህት ልጅ ናት። ያኔ እሳቸው ጋ ነበር የምትኖረው፤ ቤታችን የመጣችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አስማማው የሞተ ጊዜ እሷ እንደዚያ ስታለቅስ ልቅሶ የደረሰው ሰው እኔን ትቶ እሷን ሲያባብል ነበር። ያኔ የዋህነት መስሎኝ አለፍኩት። በወሩ ካልጋሪ ሥራ አገኘሁ ብላ ሄደች። ጋሽ ጥጋቡ ደግሞ ሁለት ዓመት ዝም ብለው ቆይተው፣ ዛሬ በማለዳ፣ ደብተሩን ሳትገልጪ ስጪኝ ይላሉ።

ማክሰኞ ደወሉ። ረቡዕም ደወሉ። «ፌስታሉን አዘጋጀሽው?» አሉኝ፤ «አዎ» አልኳቸው። ለናኦሚ ምንም አልነገርኳትም። የሳቀችበትን ነገር ልነጥቃት አልፈለግኩም።

ሐሙስ የዕረፍት ቀኔ ነው። ሳልደውል ኢስት ዮርክ ሄድኩ። ጋሽ ጥጋቡ በፒጃማ ሱሪ ላይ የቡድኑን ማልያ ለብሰው በሩን ከፈቱልኝ። ሳሎናቸው ውስጥ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ይሠራል።

«ቅዳሜ እኮ ነው ያልኩሽ። ቁጭ በይ እንጂ፣ ፖሊስ መሰልሽ!»

«ደብተሩን አምጥቻለሁ።»

እጃቸውን ዘረጉ። ከቦርሳዬ አውጥቼ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።

«ጋሼ፣ የቅዳሜው ጨዋታ አራት ሰዓት ላይ ነው የሚያልቀው።»

«በማን አራት ሰዓት?»

«በፈረንጅ።»

የማልያቸውን ጫፍ ወደ ታች ሳቡ።

«አስማማው አሥራ አንድ ሰዓት ነበር የሚገባው። ይኼም በፈረንጅ ነው።»

«መንገድ ነዋ። ትራፊኩን ታውቂው የለ።»

«የሰባት ሰዓት ትራፊክ?»

«ቶሮንቶ አይደለም እንዴ ያለነው?» ብለው ሳቅ አሉ። እኔ አልሳቅሁም።

«ብርቅዬ ናት?»

«ብርቅዬ ምን አደረገች?»

«ስሟ ሠላሳ አንድ ቦታ ተጽፏል።»

«ስሟ አይደለም፣ ፊደሏ ብቻ ነው!» አሉ። ያሉት ነገር ለራሳቸው ሲገባቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ጠበቅኩ። ብዙ ዓመት አረጋውያን ዘንድ ስለሠራሁ መጠበቅ አውቃለሁ።

«ስሚኝ» አሉ በመጨረሻ። «ልጅቷን እንዳትበድያት። ከስታዲየም መጥተን ሁለቱ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚቀመጡት። እኔ ሶፋው ላይ፣ ቴሌቪዥኑን እንዲህ ድምፁን አጥፍቼ። እንቅልፍ ሲጥለኝ እስክሪብቶ ይወረውሩብኝ ነበር። ታስጠናው ነበር።»

«ምን?»

«ፈተናውን ነዋ! የፋርማሲስት ፈቃዱን። እሷ በመጀመሪያው ሙከራ አልፋ የለ!»

ደብተሩን ከጉልበቴ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። አስማማው ፈተናውን ትቶታል። ሁለት ጊዜ ወድቆ በ2007 ትቶታል። ሁለተኛውን የወደቀ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሦስት ሳምንት ተኛ። ናኦሚ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። እኔ ነኝ ያልኩት፦ ከዛሬ ጀምሮ ይህ ፈተና በዚህ ቤት እንዳይነሳ። «እሺ» አለኝ። በሚቀጥለው ዓመት ፀደይ ቤዝቦል ማየት ጀመረ፤ እኔም ሰው የሚወደው ነገር አገኘ ብዬ ተመስገን አልኩ።

«ለምን አልነገረኝም?»

«አንቺ አይደለሽ የከለከልሽው? "ጋሼ፣ ካለፍኩ ወረቀቱን ይዤ እገባለሁ፤ ካላለፍኩ ቤዝቦል ነበርኩ" ነበር የሚለኝ። እስቲ ስጪኝ፣ ላሳይሽ።»

ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉና ሁለት ቦታ ገልጠው በጣታቸው ነኩልኝ፤ አንዱ በ2010፣ አንዱ በ2012። ሁለቱም ቅዳሜ አይደሉም። ሰዓት የላቸውም፣ ውጤት የላቸውም። ስገልጥ እንደሌሎቹ መስለውኝ ያለፍኳቸው መስመሮች ናቸው። ቃሉ ግን «ተሸነፍን» አይልም። ተሸነፍኩ ይላል።

«እኔ የፈራሁት ይኼንን አልነበረም» አሉ ጋሽ ጥጋቡ። «የፈራሁት "ብ"ዋን ነው። አንቺ አይተሽ እንዲህ እንዳታስቢ ነበር። ይኸው አሰብሽ።»

«ሳትገልጪ ስጪኝ ባይሉኝ አልገልጠውም ነበር።»

«እሱስ ልክ ነሽ። ብርቅዬም የምትለኝ ይኼንኑ ነው፤ አፌ ያጣላኛል።»

መጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። የመጨረሻው መስመር የ2013 ሴፕቴምበር ቅዳሜ ነው። ተሸነፍን። ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ባዶ ነው።

«ከ2012 በኋላ አልተፈተነም?»

ጋሽ ጥጋቡ መነጽራቸውን አውልቀው በማልያቸው ጠረጉት።

«ተፈትኗል። በዚያው በሴፕቴምበር፣ ሊሞት ሦስት ሳምንት ሲቀረው። ሲወጣ "ጋሼ፣ ይኼ ጥሩ ነበር" ብሎኛል። ግን ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ውጤቱስ?»

«ደብዳቤው በእኔ አድራሻ ነበር የሚመጣው። ከሞተ ከአንድ ወር በኋላ መጣ።»

«የት አለ?»

«ምን ላድርገው ወለቴ? ላንቺ ብሰጥሽ ምስጢሩ ይወጣል። ልክፈተው ብል የሰው ደብዳቤ ነው፤ ያውም የሟች። "ተቀባዩ አርፏል" ብዬ ፖስታው ላይ ጻፍኩና መለስኩት።»

«ሳይከፍቱት?»

«ሳልከፍተው።»

ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን አልነበረም፤ ድምፅ የሌለውን ቴሌቪዥን ነበር። ውሸታም ሰው አይደሉም። ግን ነገሩን ለሰባት ዓመት ከእኔ እንዲህ አሳምረው የደበቁ ሰው፣ ከፍተው ወድቆ ቢያዩትም ሳልከፍተው መለስኩት ነበር የሚሉኝ። አልፎ ቢያዩትም፣ ሊያሳዝነኝ ነው ብለው ያንኑ ይሉኝ ነበር። ፊታቸውን ብዙ አየሁት። ምንም አላነበብኩበትም።

ደብተሩን ወስጄ ተነሳሁ።

«ቅዳሜስ?» አሉኝ በሩ ላይ። «ልጆቹ እየጠበቁ ነው።»

«ቅዳሜ ሥራ አለኝ ጋሼ። ደብተሩም ቤት ይቀመጥ።»

«ተቆጥተሽኛል።»

«አዎ» አልኳቸው።

ዓርብ በምሳ ሰዓት ፈተናውን ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። ትሁት ድምፅ ያላት ሴት አነሳችው። ስሙን፣ የተፈተነበትን ወር ነገርኳት። ውጤት የሚነገረው ለተፈታኙ ብቻ ነው አለችኝ። ሞቷል አልኳት። አዘነችልኝ፤ እንዲህ ሲሆን ፋይሉ ይዘጋል፣ ለቤተሰብም አይከፈትም አለችኝ። የተመለሰ ደብዳቤ ካለስ ብዬ ጠየቅኳት። የተመለሰ ደብዳቤ ከስድስት ወር በላይ አይቆይም አለች።

ቅዳሜ ቡድኑ ማለፉን የሰማሁት ሥራ ቦታ ነው፤ አረጋውያኑ ሲያጨበጭቡ። ናኦሚ በስልክ ደውላ ጮኸችብኝ፤ «ማሚ፣ ኢት ኢዝ ኦቨር፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ አለቀ!» አለችኝ። እሰይ አልኳት።

አስማማው አምስት ጊዜ ተፈትኗል። ሁለቱን መውደቁን ራሱ ነግሮኛል፤ ሁለቱን ጽፎ አስቀምጧል። የአምስተኛው ውጤት የለም።