በጀርባው የተኛው ቺፕ

ክው ብላ ቀረች። ቺፑ ላይ አንደኛው የብረት እግር የቱ እንደሆነ የምታመለክተው ነጥብ በስተግራ ናት፤ አዲሱ ሰርኪት ቦርድ ላይ የታተመችው ግን በስተቀኝ። የመበየጃ ካውያውን ወደ ማቆሚያው መለሰችና ቦርዱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ደግማ አየችው። ያው በስተቀኝ ናት።

ከግድግዳው ወዲያ አባቷ ከኦክስጅን ሲሊንደር ይተነፍሳል። የኦክስጅን ማሽኑ ቦርድ ከተቃጠለ ሦስት ሳምንት ሆነው። መለዋወጫ ሲጠፋ ራሷ ነድፋ ውጭ አገር አዘዘች፤ የተረከበችውም ዛሬ ጠዋት ነው። ሆስፒታሉ አልጋ እስኪለቀቅ ጠብቁ ብሏል። ሲሊንደር የሚያመጣው መኪና የሚደርሰው ነገ ነው፤ ያለው የመጨረሻው ሲሊንደር ደግሞ የመለኪያው ቀስት ቀዩ ውስጥ ከገባ ቆይቷል።

ጥፋቱ የራሷ ነበር። ስትነድፍ የቺፑን እግሮች የቆጠረችው የአሮጌውን ቦርድ ጀርባ እያየች ነው፤ ከጀርባ ሲታይ ደግሞ ግራው ቀኝ ይሆናል። ዕድሜውን በሬዲዮ ጥገና የጨረሰው አባቷ ንድፉን ሳታዝ በፊት በልኩ ወረቀት ላይ አትማ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ እንድታስቀምጥበት ሲነግራት ኖሯል። ያን ሰሞን ግን የወረቀት ጊዜ የት አለ ብላ ዘለለችው።

«ምነው ጸጥ አልሽ?» አለ አባቷ ከወዲያ፣ ትንፋሽ እየከዳው።

«ካውያው እስኪግል ነው አባዬ።»

«ከኔ የባሰ ደካማ ነው በይኛ።» ጥቂት ሳለና፣ «ወረቀት ላይ አትመሽ አይተሻል አይደል?» አላት።

«አዎ።»

በዋሸችው ውሸት ፊቷ ጋለ። ቺፑን በወረንጦ አንስታ ስታገላብጠው ቆየችና በድንገት እጇ ቆመ። በጀርባው ብታስተኛው ግራው ቀኝ ይሆናል፤ እያንዳንዱ እግር ቦታውን ያገኛል። ለዚያ ግን ስምንቱንም እግሮች ወደ ኋላ ማጠፍ አለባት። እንዲህ ያለ ቀጭን ብረት ደግሞ መታጠፍ አይወድም፤ ቺፑም ከተቃጠለው ቦርድ የነቀለችው አንድ ለእናቱ ነው።

ክርኖቿን ጠረጴዛው ላይ ተክላ ጀመረች። አምስቱ በደህና ታጠፉ። ስድስተኛው ወገቡ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አወጣ። ፈራች፤ እንደ ሕፃን አባዬ ብላ መጮህ አማራት። ትንፋሿን ውጣ የቀሩትን ሁለቱን አጠፈች። ከዚያ ስምንቱንም ቦርዱ ላይ በየደች፤ ስድስተኛው ላይ ብየዳውን ወፈር አደረገችው።

ማሽኑን ገጥማ ወደ አባቷ ክፍል ገፋችውና አስነሳችው። አጉረመረመ፤ አረንጓዴዋ መብራት በራች። ቢሆንም ንዝረቱ ያንን እግር እስከ መቼ እንደሚምረው አታውቅም። ሲሊንደሩ ላይ ቀስቱ መጨረሻው ጋ ደርሷል።

«አባዬ፣ ዋሽቼሃለሁ። አላተምኩም። ቺፑን ገልብጬ ነው የበየድኩት፤ አንዱ እግር ደግሞ ተሰንጥቋል።»

አባቷ የሚተነፍስበትን ቱቦ በገዛ እጁ ከሲሊንደሩ ነቀለና ጫፉን ዘረጋላት።

«ሰክተሽ አጠገቤ ቁጭ በይ።»

ማሽኑ ላይ ሰካችው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ዓይኗን ከአረንጓዴዋ መብራት ሳትነቅል የአባቷን ትንፋሽ መቁጠር ጀመረች።