ባለካፖርቱ ተሸካሚ

ሥዕሉ ላይ የቀለበቱ ቀለም አልደርቅ አለ። ሠዓሊዋ ጣቷን አስጠግታ ሳትነካው መለሰችው። ነጋዴው እናቱን ደግፎ ደረጃውን እየወጣ ነው፤ ኮቴያቸው ይሰማል።

ወገቧ ተቆርጧል። ዕድሜ ልኳን የሳለችው ሰው ሳይሆን የሰው ሀብት ነው፤ የሰዓት ሰንሰለት፣ የከፈይ መጋረጃ፣ ማንም ገልጦ የማያውቃቸው ወፋፍራም መጻሕፍት። ፊት መሣል ቶሎ ያልቃል፤ ዓይን የሚያጠፋው የልብሱ ሐር ነው።

ይኸኛው ሥዕል ግን ከሁሉም ባሰ። ነጋዴው የሰጣት የአባቱን አንዲት የደበዘዘች ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር። አባትየው በመጋዘን ተሸካሚነት ኖሮ በዚያው የሞተ ሰው ነው። «የልጄ አማቾች ሳሎኔ ሲገቡ የማን ዘር እንደሆንኩ ግድግዳው ይንገራቸው» ብሏት ነበር። «ካፖርት አልብሺልኝ። ቀለበትም አይቅር።» አለበሰችው፤ ባለመደገፊያ ወንበር ላይም አስቀመጠችው። እንጀራ ነው፤ ምን ታድርግ።

አሮጊቷ ገብተው፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ በሩን ተደግፈው ቆዩ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ማነው ይሄ ሰውዬ?»

«አባዬ ነዋ፣ እማዬ» አለ ነጋዴው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

ቀረብ ብለው ካፖርቱን አዩ። ቀለበቱን አዩ። «ምነው ልጄ፣ አባትህ አሳፈረህ?»

የነጋዴው ሐፍረት ለሠዓሊዋም ተረፋት። ጨርቋን አነሣች። «እማማ፣ ቀለበቱ ገና እርጥብ ነው፤ አሁኑኑ ልጥረገው። ካፖርቱንም የሥራ ሸሚዝ አደርግልዎታለሁ። ከፈለጉ እንደ አዲስ፣ ሸክሙን ይዞ እንደቆመ እስለዋለሁ።»

አሮጊቷ እጇን ያዙት። ዓይናቸው ባለመደገፊያው ወንበር ላይ ዘና ብሎ ከታጠፈው ጉልበት አልተነቀለም።

«ቆይ እስቲ» አሉ ቀስ ብለው። «ቁጭ ብሎ አይቼው አላውቅም እኮ። ሲበላ እንኳን ቆሞ ነው። ‹ከተቀመጥኩ አልነሳም› ይለኝ ነበር።»

የሠዓሊዋን እጅ ለቀቁት።

«ቀለበቱን ጥረጊው። ካፖርቱንም አውልቂለት፣ ይሞቀዋል። ብቻ አደራሽን ልጄ፣ እንዳታስነሺው።»

ነጋዴው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ለአማቾቹስ ማን ነው ልበላቸው?» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

እናቱ አንድ በርጩማ ሳቡና ከባላቸው ፊት ለፊት ቁጭ አሉ።