ኮፍያው ላይ ያለችው ነጥብ

"ቆይ ቆይ፣ እንዳትጀምሪ!" አለ ልብስ ሰፊው፣ ነርሷ የማሽኑን መግነጢስ ከግራ ጆሮው በላይ ልታሳርፍ ስትል።

"አሁን ደግሞ ምን ሆንክ?" ያለችው ታላቅ እህቱ ናት፤ በሩ አጠገብ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች።

ዘጠነኛ ቀኑ ነው። በየቀኑ እዚህ ሆስፒታል ወንበር ላይ ሃያ ደቂቃ ይቀመጣል፤ ማሽኑ በመግነጢስ ጭንቅላቱን ጠቅ ጠቅ ያደርገዋል። ጭንቅላቱ ውስጥ የሚለፈልፈውን ድምፅ ዝም ያሰኛል ተብሎ ነው። ልብስ ሰፊው ለድምፁ ስም አውጥቶለታል፦ አቶ ነገረኛ። መድኃኒቱ ሌላውን ሁሉ ሲያስታግስለት አቶ ነገረኛን ግን ንቅንቅ አላደረገውም። "ተንጋዷል፣ ፍታው!" እያለ የሰፋውን ያስፈታዋል። ይኸው አንድ ሱሪ ሳይጨርስ ሁለት ወር! ደንበኛ እንደሆነ አይጠብቅም።

ዛሬም ገና ከበሩ ጀምሮ "ቦታውን ስተውታል፣ ስተውታል" እያለው ነው።

ችግሩ፣ መስታወት ውስጥ ሲያየው ለራሱም እንደዚያ መሰለው። ማሽኑ የት እንደሚያርፍ የምታሳየው ነጥብ ያለችው የዋና ኮፍያ በሚመስል ስስ ጨርቅ ላይ ነው። እሱ ደግሞ ትናንት ፀጉሩን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል። ጎፈሬ ላይ የተለካ ኮፍያ መላጣ ላይ ምን እንደሚሆን ለልብስ ሰፊ አይነገርም።

ግን እንዴት ብሎ ይናገር? በሽታው ነው የሚያናግረው ይሉታላ!

"ሲስተር፣ ሜትር አለሽ?"

"ሜትር ለምንህ ነው?" አለች ነርሷ።

"ኮፍያው ወርዷል። ነጥቧም አብራ ወርዳለች።"

"ወይ ጉዴ!" አለች እህቱ። "አንተ ልጅ፣ ሥራዋን ትሥራ እንጂ! ደግሞ ነርስ ታርም ጀመርክ?"

"እታለም፣ ጭንቅላቱ የኔ ነው። ይለካ!"

ነርሷ እየሳቀች ሜትሩን ከመሳቢያ አወጣች። ከጆሮ እስከ ጆሮ ለካች። ሳቋ ጠፋ። ደግማ ለካች።

"ሁለት ሴንቲ ወርዷል" አለች። "መላጨትህን ልብ ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ።"

አዲስ ነጥብ አደረገችና ጠጋ አለችው። "እስቲ ሳትደብቀኝ፣ ይሄን ያወቀው ማነው? አንተ ነህ ወይስ ድምፁ?"

ውስጡ አቶ ነገረኛ "አላልኩህም? ያለ እኔ ምን ይውጥህ ነበር!" እያለ ይንጠባረራል። አብረው በኖሩበት አሥራ አንድ ዓመት አንዴ እውነት ቢናገር! እህቱ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። "እኔ ነኝ" ቢል ደስ እንደሚላት ያውቃል።

"ቀድሞ ያለው እሱ ነው" አለ። "ይለካ ያልኩት ግን እኔ ነኝ።"

ነርሷ መዝገቡ ላይ እንዳለ ጻፈችው። እሱም ለማሽኑ ጩኸት የተሰጠውን የጆሮ መድፈኛ በገዛ እጁ ወትፎ ጭንቅላቱን አስደገፈና፣

"በይ ጀምሪ" አላት።